ባዶውን ያርገፈግፋል፣ ሲጫን ይረጋል፦ ከፍ የተደረገ የሃይሉክስ ፒክአፕ የጉዳይ ጥናት

መኪናው ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ ባለ 3.0 ሊትር ዲ4ዲ የናፍጣ ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ 4 በ4፣ ጎማው 265/70 አር16። ሥራው ከአዲስ አበባ ወደ ግንባታ ቦታዎች መመላለስ ነው። ባለቤቱ በጥርጊያ መንገድ ላይ ሆዱ እንዳይነካ ብሎ ከፍ አስደርጎታል። ፊት ለፊት ከሞላው በላይ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) ገብቷል። ከኋላ ሁለት ነገር ተሠርቷል፦ በባሌስትራው (በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች በተሠራው የኋላ ሞላ) ላይ አንድ ተጨማሪ ቅጠል ገብቷል፣ ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው የኋለኛው ማንጠልጠያም ከፋብሪካው 50 ሚሊ ሜትር በሚረዝም ተተክቷል። ማንጠልጠያ በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሚያነሳ 50 ሚሊ ሜትር ቢረዝም አክስሉ ላይ የሚሰጠው ከፍታ ግማሹን፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ነው። ከቅጠሉ ጋር ሲደመር ከኋላ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ተነስቷል።

ቅሬታው ይህ ነበር፦ ከቆመበት ሲነሳ፣ ከ10 እስከ 35 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት፣ ወለሉና ወንበሩ ይርገፈገፋሉ። ዳገት ላይ ይብሳል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ መሪው ድረስ ይሰማል። ከ80 በላይ ደግሞ ቀጭን ጉምጉምታ አለው። ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ የፍሪሲዮን ዲስክና ፕሬሸር ተቀይሯል፣ ጎማውም ባላንስ ተደርጓል። ምንም ለውጥ አልመጣም። ሾፌሩ ግን ማንም ልብ ያላለውን አንድ ነገር ይናገር ነበር፦ «ዕቃ ሲጫንበት ይሻለዋል።» ያረጀ ፍሪሲዮን ጭነት ሲበዛበት ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ጭነት ሲጨምር የሚረጋ መንቀጥቀጥ ከሰሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፕሮፔለር ሻፍቱ (ጉልበቱን ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ) አንግል ነው።

ፍሪሲዮንን ከተጠርጣሪነት ማውጣት

ፍሪሲዮን የሚያርገፈግፈው ዲስኩ እየተንሸራተተ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው። እግር ከመርገጫው ሙሉ በሙሉ ከተነሳ በኋላ ዲስኩና ፍላይዊሉ አንድ ላይ ስለሚዞሩ የፍሪሲዮን ነገር እዚያ ያበቃል። በዚህ መኪና ላይ እግሩ 10 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ተነስቶ መንቀጥቀጡ እስከ 35 ይዘልቃል። የበለጠ የሚያረጋግጠው ሙከራ ደግሞ ቀላል ነው፦ በሜዳ ላይ በ2ኛ ማርሽ 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዱ፣ ፍሪሲዮን ሳይነኩ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ መርገጥ። ወዲያው አርገፈገፈ። አሮጌው ፍሪሲዮን ያለ ጥፋቱ የተወቀሰ ነበር፤ የአዲሱም ወጪ ከንቱ ሆኗል።

ሞተሩንም ለማጣራት ሁለት ነገር ይበቃል። ቆሞ በኒውትራል ከ1,000 እስከ 2,500 ዙር ሲረገጥ ለስላሳ ነው። በእንቅስቃሴ ላይ ደግሞ በተመሳሳይ ፍጥነት በ1ኛ እና በ2ኛ ማርሽ ተሞከረ፤ የሞተሩ ዙር በእጅጉ ሲለያይ የመንቀጥቀጡ ፍጥነት ግን አልተለወጠም። ከካምቢዮው በኋላ ያለ ነገር ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ሙከራ በልቅ ጠጠር ላይ ብቻ የሚደረግ ነው፤ ይህ ሃይሉክስ መሃል ዲፈረንሻል ስለሌለው በአስፋልት ላይ 4 ጎማ አስገብቶ መሞከር መኪናውን ማሰቃየት ነው። በጠጠሩ ላይ በ2 ጎማ ሲነሳ አርገፈገፈ፤ በ4ኤች (4 ጎማ ገብቶ) ሲነሳ ግን በግልጽ ቀነሰ። ምክንያቱ ጉልበቱ ለፊትና ለኋላ ስለሚከፈል በኋለኛው ሻፍት የሚያልፈው መቀነሱ ነው። ይህ ውጤት ችግሩን ወደ ኋላው ሻፍት አጠበበው። የፊቱን ሻፍት ጨርሶ ከጥርጣሬ ለማውጣት ተፈትቶ ወጥቶ በ2 ጎማ ተነዳ፤ ለውጥ የለም።

የስልክ መለኪያ እና ትንሽ ሂሳብ

በስልክ ላይ የሚጫን የንዝረት መለኪያ መተግበሪያ ለዚህ ሥራ በቂ ነው፤ ስልኩ በማርሽ ዘንጉ አጠገብ ወለሉ ላይ በጥብቅ ይታሰራል፤ ኪስ ውስጥ ወይም ወንበር ላይ ከሆነ ስፖንጁ ሁሉን ይውጠዋል። የፍጥነቱ ንባብ ከዳሽቦርዱ ሳይሆን ከጂፒኤስ ይወሰዳል።

የዲፈረንሻሉን ሬሾ መጽሐፍ ሳይገለጥ ማወቅ ይቻላል። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ይነሳል፤ ሌላው መሬት ላይ ይቀራል፤ የፊት ጎማዎች ይታገዳሉ፤ ካምቢዮው ኒውትራል ይሆናል። የተነሳውን ጎማ 2 ሙሉ ዙር ማዞር ለዲፈረንሻሉ አንድ ዙር ነው። ሻፍቱ ላይ በኖራ ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር ከ4 ዙር በጥቂት የሚያንስ፣ ማለትም 3.9 ያህል ሆነ። (ሊሚትድ ስሊፕ፣ ማለትም አንዱ ጎማ ብቻውን በነጻ እንዳይዞር የሚይዝ ዲፈረንሻል ላይ ይህ አይሠራም።)

ጎማው በጭነት አንድ ዙር ሲዞር 2.37 ሜትር ያህል ይሄዳል። 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት 5.56 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ጎማው በሰከንድ 2.3 ጊዜ፣ ሻፍቱ 9.1 ጊዜ ይዞራል። ስልኩ ያሳየው ጉልህ ንዝረት 18 ኸርዝ (በሰከንድ 18 ምት) ነበር፤ በ30 ኪሎ ሜትር ደግሞ 27። ሁለቱም የሻፍቱ ዙር እጥፍ ናቸው። ልዩነቱ ብዙ ይነግራል፦ ጎማ ወይም ቸርኬ ቢሆን ኖሮ 2.3 ይሆን ነበር፤ ባላንሱ የተዛባ ወይም የተጣመመ ሻፍት ቢሆን 9 ይሆን ነበር። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመታ ነገር ክሮቼራ (ሻፍቱ ታጥፎ እንዲዞር የሚያደርገው የመስቀል መገጣጠሚያ) ነው፤ በአንግል ታጥፎ ሲዞር በያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሻፍቱን ወደ ባላንስ ቤት ለመላክ የታሰበው እዚህ ላይ ተሰረዘ።

ጉድጓድ ውስጥ የተገኘው

ምርመራው የሚደረገው መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ፣ ከጉድጓድ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ በሚቀርበት ማንሻ ላይ የሚወሰድ የአንግል ልኬት ዋጋ የለውም።

የቪጎው የኋላ ሻፍት ሁለት ቁራጭ ነው። ከትራንስፈር ኬዙ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ሳጥን) አጭሩ ሻፍት ይነሳል፣ በመሃል ኩሽኔታ (ዘንጉ በሚዞርበት መያዣ) ይደገፋል፣ ከዚያ ረጅሙ ሻፍት ወደ ዲፈረንሻሉ ይወርዳል። ሦስት ክሮቼራ አለ፦ 1ኛው ትራንስፈሩ ላይ፣ 2ኛው ከመሃል ኩሽኔታው በኋላ፣ 3ኛው ፒኞኑ (ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ) ላይ። በዚህ መኪና ከክሮቼራ ማዕከል እስከ ማዕከል አጭሩ 600 ሚሊ ሜትር፣ ረጅሙ 1,150 ሚሊ ሜትር ለካ።

ከመፈታቱ በፊት ሁሉም ፍላንጃ (ሻፍቱ በብሎን የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ፊት) በቀለም ምልክት ተደርጎበታል፤ ሻፍቱን የሚያስረዝመውና የሚያሳጥረው ተንሸራታቹ ጥርስም እንዲሁ። ብዙ መኪና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ጥርሱ ቦታውን ስቶ ከገባ የ2ኛው እና የ3ኛው ክሮቼራ ሹካዎች በአንድ መስመር መሆናቸው ይቀርና ምንም ዓይነት የአንግል ማስተካከያ አያድነውም። እዚህ ሹካዎቹ በመስመራቸው ነበሩ።

ሁለት የተጎዳ ነገር ተገኘ። የመሃል ኩሽኔታውን የሚይዘው ጎማ ከታች በኩል ግማሽ ዙር ያህል ከብረቱ ተላቆ ነበር። የ3ኛው ክሮቼራ መስቀል ደግሞ ሻፍቱ ወጥቶ በእጅ ሲታጠፍ መሃሉ ላይ «ጠቅ» ብሎ ይይዛል፤ መርፌ ኩሽኔታዎቹ በአንድ ቦታ ጉድጓድ ሠርተዋል ማለት ነው። ሻፍቱ መኪናው ላይ እያለ በእጅ ሲነቀነቅ ይህ አይታወቅም፤ መወዛወዝ የለውምና «ደህና ነው» ይባላል።

ብዙ ጋራዥ እዚህ ያቆማል፦ የመሃል ኩሽኔታው ተቀዷል፣ ይቀየር፣ ይሂድ። ቢቀየርም ለጥቂት ሳምንት ይሻለው ነበር፤ አዲስ ጎማ ንዝረቱን ይውጠዋልና። ነገር ግን ጎማው በእርጅና ቢሆን ኖሮ ዙሪያውን በሙሉ ይሰነጣጠቅ ነበር። በአንድ ወገን መላቀቁ ያለማቋረጥ የሚገፋው ኃይል እንዳለ ይናገራል።

አንግሎቹ

በማግኔት የሚጣበቅ ዲጂታል የአንግል መለኪያ፣ 0.1 ዲግሪ የሚያነብ፣ ይበቃል። በሻፍቶቹ ላይ ሲለካ የተቦረቦረ ዝገትና የባላንስ ቁራጭ የሌለበት ቦታ ይመረጣል። ትራንስፈሩ እና ፒኞኑ የሚለኩት ረጅሙም አጭሩም ሻፍት ሲወጣ በፍላንጃቸው ፊት ላይ ነው፤ ፍላንጃው ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠራ ከ90 ይቀነሳል። መኪናው ግማሽ ነዳጅ ይዞ፣ ባዶውን፣ ከመለካቱ በፊት ባሌስትራው እንዲረጋ ኋላው በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ተደርጎ ነው። ሁሉም ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቁ ናቸው፦

ትራንስፈር፦ 3.0 ዲግሪ
አጭሩ ሻፍት፦ 2.6 ዲግሪ
ረጅሙ ሻፍት፦ 9.0 ዲግሪ
ፒኞን፦ 5.4 ዲግሪ

ክሮቼራ የሚሠራበት አንግል የሁለቱ ጎረቤቶቹ ልዩነት ነው። 1ኛው 0.4፣ 2ኛው 6.4፣ 3ኛው 3.6 ዲግሪ ሆኑ። የ2ኛው ማፍጠንና ማዘግየት በ3ኛው እንዲሰረዝ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፤ በተግባር በ1 ዲግሪ ቢለያዩ ይታለፋል። እዚህ ልዩነቱ 2.8 ነው። ሳይሰረዝ የቀረውን ለማወቅ የሁለቱ አንግሎች ስኩዌር ተቀናንሶ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል፦ 40.96 ሲቀነስ 12.96፣ ውጤቱ 28፣ ሩቱ 5.3 ዲግሪ። መኪናው ብቻውን በ5.3 ዲግሪ የታጠፈ አንድ ክሮቼራ ያለው ያህል ይንቀጠቀጣል። ከ3 በታች መሆን ነበረበት።

ማን አበላሸው? ተጨማሪው ቅጠል ሻንሲውን ብቻ ስለሚያነሳ 2ኛውንም 3ኛውንም አንግል አብሮ ያሳድጋል፤ እኩልነታቸውን ብዙም አይነካም። ማንጠልጠያው ግን የባሌስትራውን የኋላ ጆሮ 50 ሚሊ ሜትር ወደ ታች አውርዶታል። ባሌስትራው 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ 2.2 ዲግሪ ማጋደል ነው፤ የፒኞኑ አፍንጫም በዚያው ልክ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ከፍታ ለመጨመር ርካሹ መንገድ ይህ ስለሆነ ብዙ ፒክአፕ ላይ አለ፤ ሲገጠም አንግል የሚለካ ግን ብዙ አይታይም።

መንቀጥቀጡ መኪናው ሲነሳ ለምን ይጎላል ለሚለው፣ ሞተሩ 300 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ በ1ኛ ማርሽ አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ 1,200 ይደርሳል። በ6.4 ዲግሪ የታጠፈ ክሮቼራ ከዚህ ውስጥ እስከ 135 ኒውተን ሜትር የሚሆን ማጣመሚያ በያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥራል። 600 ሚሊ ሜትር በሆነው አጭር ሻፍት ላይ ይህ የመሃል ኩሽኔታውን ወደ 23 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይመታዋል። አንግሉ 2 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ወደ 7 ይወርድ ነበር። የተላቀቀው ጎማ ምሥጢሩ ይኸው ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቱርቦው ዘግይቶ ስለሚነሳ ሾፌሮች ነዳጅ አብዝተው መነሳታቸውም አይረዳም።

የሾፌሩን ቃል ለማረጋገጥ 12 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 600 ኪሎ ግራም፣ ተጫነ። ኋላው 60 ሚሊ ሜትር ያህል ወረደ፤ ረጅሙ ሻፍት ወደ 6.0 ዲግሪ ተስተካከለ። 2ኛው ክሮቼራ 3.4፣ 3ኛው 0.6 ሆኑ፤ ያልተሰረዘው ከ5.3 ወደ 3.3 ወረደ። መንቀጥቀጡም በእጅጉ ቀነሰ። ሂሳቡና ወንበሩ ተስማሙ።

ማስተካከያው

ትክክለኛው መፍትሔ የፋብሪካውን ማንጠልጠያ መመለስ ነው። ፒኞኑ ወደ 3.2፣ ረጅሙ ሻፍት ወደ 7.8 ይመለሳሉ፤ ያልተሰረዘው ወደ 2.4 ዝቅ ይላል፤ የሚጠፋው 25 ሚሊ ሜትር ከፍታ ብቻ ነው። ባለቤቱ ግን ከፍታውን መልቀቅ አልፈለገም። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ተመረጠ፦ የመሃል ኩሽኔታውን ማውረድና ፒኞኑን ማጎንበስ።

የመሃል ኩሽኔታው በአዲስ ተቀይሮ በቅንፉና በተሸካሚው ብረት መካከል 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ገባ፤ ብሎኖቹም በዚያው ልክ በረዘሙ 8.8 ደረጃ ብሎኖች ተተኩ። 10 ሚሊ ሜትር አጭሩን ሻፍት 0.95 ዲግሪ ያዘቀዝቃል፣ ረጅሙን 0.5 ያቃናል፤ ማለትም የ2ኛው ክሮቼራ አንግል በ1.45 ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ማውረድ 1ኛውን ክሮቼራ ያበላሻል። ብሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት መኪናው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ይገፋል፤ ኩሽኔታው ሳይወጠር በራሱ ቦታ እንዲቀመጥ ነው።

ለፒኞኑ በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል የሚገባ ሽብልቅ በቶርኖ ቤት ተሠራ፦ ከብረት፣ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 130 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 2.5 ዲግሪ። ቀጭኑ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወፍራሙ 8.7 ይሆናል። አሉሚኒየም አይመከርም፤ በጠጠር መንገድ ይቀጠቀጥና ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች ይላላሉ። በዚህ መኪና አክስሉ ከባሌስትራው ሥር ስለሆነ አፍንጫውን ለማጎንበስ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ፊት ይዞራል። ተገልብጦ ከገባ ፒኞኑ ከታሰበው በ5 ዲግሪ ይርቃል።

የባሌስትራው የመሃል ብሎን ራስ ነገርም አለ። አክስሉን በቦታው የሚይዘው ያ ራስ በመቀመጫው ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ነው። ሽብልቁ መሃሉ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚወፍር ራሱ ቀዳዳው ላይ ላይደርስ ይችላል። ረዘም ያለ ራስ ያለው ብሎን ገብቷል። ይህ ከተዘነጋ አክስሉ ከጊዜ በኋላ ወደ ጎን ይሸሻል፤ መኪናው እንደ ውሻ ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል።

3 ዲግሪ ለምን አልተሠራም? ባሌስትራ በጉልበት ጊዜ ስለሚጣመም መኪናው ሲነሳ የፒኞኑ አፍንጫ 1 ዲግሪ አካባቢ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ቆሞ ሲለካ ትንሽ ጎንበስ ያለ ሆኖ መገኘት አለበት። 2 ዲግሪ ለቆመ መኪና ከሁሉ ይሻላል፣ 3 ደግሞ በረጋ ፍጥነት ያለውን ያበላሻል፤ 2.5 ለሁለቱም ይበቃል።

3ኛው ክሮቼራ በግሪስ በሚሞላ አዲስ ተቀየረ። የማገጃ ቀለበቶቹ በሁለቱም ወገን እኩል ውፍረት ሊኖራቸው ይገባል፣ መስቀሉ መሃል እንዲሆን፤ የቀረው ልቅነት ከ0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የዩ ብሎኖቹ ዳዶዎች መኪናው በጎማው ቆሞ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ደረጃ በደረጃ ይጠብቃሉ፤ ከ100 እና ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይደገማሉ።

ከገጠማው በኋላ ሲለካ ትራንስፈሩ 3.0፣ አጭሩ 3.5፣ ረጅሙ 8.8 (ሽብልቁ ራሱ ጥቂት ስላነሳው)፣ ፒኞኑ 2.9 ሆኑ። ክሮቼራዎቹ 0.5፣ 5.3፣ 5.9። ቆሞ ያልተሰረዘው 2.6፣ በጉልበት ጊዜ 2.0 አካባቢ። በእንጦጦ ዳገት ባዶውን በ1ኛ እና በ2ኛ ማርሽ ተነድቶ ማርገፍገፉ ጠፋ፤ በስልኩም 18 ኸርዝ ላይ የነበረው ጉብታ ከሌላው የመንገድ ንዝረት የማይለይ ሆነ።

ያልተፈታው

አንግሎቹ ቢሰራረዙም ትልቅነታቸው አልቀረም። ረጅሙ ሻፍት ራሱ በያንዳንዱ ዙር እየፈጠነና እየዘገየ ይቀጥላል፤ ለዚህ የሻፍት አምራቾች በዙር ልክ ገደብ ያስቀምጣሉ፦ በደቂቃ 2,500 ዙር 7 ዲግሪ፣ በ3,000 ዙር 5.8፣ በ3,500 ዙር 5። ይህ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሻፍቱ 2,740 ዙር ያህል ይዞራል፤ 5.9 ዲግሪው ከገደቡ በታች ነው። በ120 ግን 3,290 ይደርሳል፤ ገደቡ ወደ 5.3 ይወርዳል፣ መኪናውም ያልፈዋል። ጉምጉምታው ከ110 በላይ እንደገና የሚሰማው ለዚህ ነው። ባለቤቱ ከ100 በታች እንዲነዳ፣ ክሮቼራዎቹን በየ5,000 ኪሎ ሜትር ግሪስ እንዲሞላ ተነግሮታል፤ ይህ ካልተዋጠለት ማንጠልጠያው ይመለሳል።

ከፍታው የነካቸው ሌሎች ሁለት ነገሮችም ታይተዋል። ተንሸራታቹ ጥርስ በመነሳቱ ወደ ውጭ ስለሚሳብ አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ስንት እንደሚቀር ተለክቷል፤ በቂ ነው። የኋላ ፍሬን ግፊትን በጭነት ልክ የሚመጥነው ቫልቭ ደግሞ በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ ነው። ኋላው ሲነሳ ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ይቆጥርና የኋላ ፍሬኑን ያደክማል። ሾፌሩ ይህን አላወቀም ነበር፤ የሚታወቀው ተጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ነው። አክስሉ ላይ ያለው የዘንጉ ማያያዣ በተነሳው ልክ ከፍ ተደርጎ ተስተካክሏል።